ላፕቶፑ ይበቃል ወይስ ስትሪመር ይገዛ?

ደህና ስፒከርና ደህና አምፕሊፋየር የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ሙዚቃውን ከምን ላይ ላጫውት? ሲዲ የሚገዛ ሰው እየጠፋ ነው። ዘፈኑ ያለው ወይ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ ወይ ኢንተርኔት ላይ። ቤት ውስጥ ላፕቶፕ አለ፤ ገመድ ሰክቶ ማጫወት ነው። ታዲያ ስትሪመር የሚባለው ዕቃ ለምን ያስፈልጋል?

ሻጩ “ከኮምፒውተር ጋር ጭራሽ አይወዳደርም” ይላችኋል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ጓደኛችሁ ደግሞ “ዜሮና አንድ የትም ዜሮና አንድ ነው፤ ብራችሁን አትበትኑ” ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በደንብ የተስተካከለ ኮምፒውተር በድምፅ ጥራት ከስትሪመር አያንስም። ችግሩ ግን በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር አብዛኛው አልተስተካከለም። ስትሪመር ገንዘቡ የሚገባውም በዋናነት ለድምፁ ሳይሆን ለአጠቃቀሙ ነው።

መጀመሪያ ስትሪመር ምን እንደሆነ እንይ። ስትሪመር ራሱ ኮምፒውተር ነው። ክዳኑን ብትከፍቱት ስልክ ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪ፣ ዋይፋይና የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ታገኛላችሁ። አብዛኞቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ነፃ የሆነ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ኪቦርድ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ፋንም የለውም፣ ኢሜይል አይከፍትም። ሥራው አንድ ነው፤ ሙዚቃውን ከኢንተርኔት ወይም ከቤታችሁ ሃርድ ዲስክ አምጥቶ ለድምፅ ማሳለፍ። እናንተ ከስልካችሁ ታዙታላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው “ኮምፒውተር ወይስ ሌላ ነገር” አይደለም። “ሁሉን የሚሠራ ኮምፒውተር ወይስ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ኮምፒውተር” ነው።

ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ

ዲጂታል ሙዚቃ የቁጥር ሰልፍ ነው። ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ የተወሰነው ልክ ዛሬም መሠረቱ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ልኬት፣ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት። ለግራና ለቀኝ ስታሰሉት በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይመጣል። ይህ ቁጥር ስፒከር ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ዳክ የሚባል ቺፕ ነው። ስልካችሁ ውስጥ፣ ላፕቶፓችሁ ውስጥ፣ ብዙ ስትሪመሮች ውስጥም ዳክ አለ። ለብቻው በዩኤስቢ የሚሰካም ይሸጣል።

ከፋይሉ እስከ ዳኩ ባለው መንገድ ላይ ቁጥሩ ሳይነካ ከደረሰ የትኛውም ማሽን ቢልከው ቁጥሩ ያው ነው። ጓደኛችሁ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ግን ሁለት ነገር ረስቷል። አንደኛ፣ ኮምፒውተር ካልከለከላችሁት ቁጥሩን ይነካዋል። ሁለተኛ፣ በገመዱ የሚመጣው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የማንፈልገው የኤሌክትሪክ ረብሻም አብሮት ይመጣል።

ኮምፒውተሩ የት ላይ ይነካዋል?

ዊንዶውስን እንውሰድ። ኮምፒውተሩ ዘፈን እያጫወተ ኢሜይል ሲገባ “ቲንግ” ማለት አለበት። ሁለቱ ድምፅ በአንድ ዳክ ስለሚወጣ መደባለቅ አለባቸው። ለዚህ ዊንዶውስ መሃል ላይ ሚክሰር አስቀምጧል። ሚክሰሩ ሁሉንም ድምፅ ወደ አንድ ልክ ያመጣዋል፤ ይህ ልክ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 48,000 ነው። ዘፈናችሁ 44,100 ከሆነ ኮምፒውተሩ አዲስ ልኬቶችን አስልቶ ይፈጥራል ማለት ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ንፅፅር 147 ለ160 ስለሆነ ስሌቱ ቀላል አይደለም። የዛሬ ስሌት ጥሩ ስለሆነ ብዙ ጆሮ ልዩነቱን አይለይም። እኔም ይህን እንደ ትልቅ ኃጢአት አላየውም። ግን ካልተፈለገ ለምን ይነካል?

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። ሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ የምትጠቀሙበትን ዳክ ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። አድቫንስድ የሚለው ጋ ሂዱና ልኩን ከዘፈኖቻችሁ ጋር አመሳስሉት። ከዚህ የሚሻለው ኤክስክሉሲቭ ሞድ ነው፤ ማጫወቻው ሚክሰሩን አልፎ በቀጥታ ከዳኩ ጋር ይገናኛል። ፉባር2000 የሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን ይህን ያደርጋል። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያቀርቡት የታይዳልና የኮቡዝ የኮምፒውተር አፖችም ምርጫው አላቸው። ኤክስክሉሲቭ ሞድ ሲበራ የኢሜይል “ቲንግ”ም በስፒከሩ መጮኹን ያቆማል። በትልቅ አምፕሊፋየር ሙዚቃ እየሰማችሁ ያ ድምፅ ድንገት ከመጣባችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ማክ ላይ አፕል ሚዩዚክ የዳኩን ልክ እንደ ዘፈኑ በራሱ አይቀይርም። ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ቮሊዩሙንም አትርሱ። የኮምፒውተሩን ድምፅ መቀነስ ማለት ቁጥሮቹን ማሳነስ ማለት ነው። ኮምፒውተሩን 100 ላይ አድርጉትና ድምፁን በአምፕሊፋየሩ ቀንሱ። መጀመሪያ ግን የአምፕሊፋየሩን ቮሊዩም ወደ ዜሮ አውርዱት፤ ስፒከራችሁ እንዳይጎዳ።

መስተካከሉን በምን ታውቃላችሁ? ብዙ ዳኮች የሚደርሳቸውን ልክ በቁጥር ወይም በመብራት ቀለም ያሳያሉ። የሲዲ ዘፈን አጫውቱ። 44.1 ካለ ያለ ለውጥ እየመጣ ነው። 48 ካለ መሃል ላይ የነካው አለ።

ስትሪመር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ደህና የተሠራ ከሆነ ከፋብሪካው ተስተካክሎ ይመጣል።

“እምምም” የሚለው ድምፅ

አሁን ወደ ረብሻው እንምጣ። እኔ በጣም የምከራከርለት ክፍል ይሄ ነው። ሰው “ስትሪመር ስገዛ ድምፁ ጠራልኝ” ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ምክንያቱ ግን እሱ የሚያስበው ላይሆን ይችላል።

ላፕቶፑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኙና ሙዚቃውን አቁሙ። ቮሊዩሙን በትንሽ በትንሹ ጨምሩና ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አድርጉ። ዝቅ ያለ “እምምም” ትሰማላችሁ? ማውሱን ስታንቀሳቅሱ “ጭርጭር” የሚል ነገር አለ? አሁን የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ በሽታውን አገኛችሁት።

የሆነው ይህ ነው። የላፕቶፑ ቻርጀር ባለ ሦስት እግር ሶኬት አለው፤ ሦስተኛው እግር ወደ መሬት የሚሄደው መስመር ነው። አምፕሊፋየሩም እንደዚያው ከሆነ ሁለቱ በግድግዳው በኩል ተገናኝተዋል። የድምፅ ገመድ ስትሰኩ ደግሞ ሁለተኛ ግንኙነት ፈጠራችሁ። ክብ መንገድ ሆነ። በዚያ ክብ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ መዞር ይጀምራል፤ አምፕሊፋየሩም እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የምትሰሙት “እምምም” 50 ኸርዝና የእሱ ብዜቶች ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ 60 ትሰማላችሁ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ፤ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ፣ ላፕቶፑን ሙዚቃ ስትሰሙ በባትሪ አሠሩት። ዘላቂው መፍትሔ ከላፕቶፑ ወደ ዳኩ የሚሄድ የኦፕቲካል ገመድ ነው። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ክቡ ይቆረጣል። ላፕቶፓችሁ የኦፕቲካል መውጫ ከሌለው የዩኤስቢ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። የሶኬቱን የመሬት እግር ሰብሮ ወይም በቴፕ ጠቅልሎ “ዝም ማሰኘት” የሚመክራችሁን ሰው ግን በጭራሽ አትስሙ። ያ እግር ዕቃው ውስጡ ሲበላሽ እናንተን ከኤሌክትሪክ የሚያድን ነው።

ስትሪመር ለምን ዝም እንደሚል አሁን ግልጽ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ባለ ሁለት እግር በሆነ ትንሽ አዳፕተር ነው። ኢንተርኔቱንም በዋይፋይ ያገኛሉ። ክቡ ከመጀመሪያው የለም። ሰውየው የሰማው መጥራት እውነተኛ ነው። በአንድ የኦፕቲካል ገመድ ወይም አይሶሌተር ዋጋ ግን ላፕቶፑም ያንኑ ይሰጠው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የላፕቶፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከስትሪመር ወይም ከሲዲ ማጫወቻ መውጫ ያነሰ ነው። እነዚህ በልማድ 2 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ሳትነኩ አንዱን ነቅላችሁ ሌላውን ብትሰኩ ስትሪመሩ ጮክ ይላል። ጆሯችን ደግሞ ጮክ ያለውን “የተሻለ” ይላል። ሱቅ ውስጥ ስታወዳድሩ ድምፁን አመጣጥኑ ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሰዓቱና ስለ ገመዱ

ዳኩ ቁጥሮቹን በእኩል ልዩነት መቀየር አለበት፤ ለዚህ በውስጡ ክሎክ አለ። በድሮ የዩኤስቢ ዳኮች ክሎኩ የኮምፒውተሩን አረማመድ ይከተል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲወላወል እሱም ይወላወላል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ግን አሲንክሮነስ ናቸው። ሰዓቱን የሚይዘው ዳኩ ነው፤ ኮምፒውተሩን “አሁን ላክልኝ፣ አሁን ቆይ” እያለ ያዘዋል። ስለዚህ “ኮምፒውተር ጂተር (የሰዓት መወላወል) አለው” የሚለው ክርክር ለዘመኑ ዳክ ብዙም አይሠራም።

ኢንተርኔቱም እንደዚያው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ያለው ሰው ቧንቧውን ሲከፍት ውሃው እኩል ይወርድለታል፤ መስመሩ ሌሊት መጣ ጠዋት መጣ ለእሱ ግድ የለውም። ስትሪመሩም ኮምፒውተሩም ዘፈኑን ቀድመው አምጥተው ሚሞሪያቸው ውስጥ ያጠራቅሙታል። በመንገድ የተበላሸ ቁራጭ ካለ እንደገና ተጠይቆ ይመጣል። ስለዚህ ዋይፋይ ሲደክም ሙዚቃው ይቆማል እንጂ ቤዙ አይሳሳም። ለኔትወርክ ገመድ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍላችሁን ሻጭ በዚህ መልሱለት።

ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥርም አያስጎምጃችሁ። ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ ያውም በወጣትነቱ። 44,100 ልኬት እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ሁሉ ይይዛል። “እስከ 384 ኪሎኸርዝ ይደግፋል” (በሰከንድ 384,000 ልኬት ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ አንዱን ዕቃ ከሌላው ለመምረጥ ምክንያት አይሆንም።

ታዲያ ስትሪመር ምን ይጠቅማል?

ሙዚቃው ቶሎ ይጀምራል። ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ላፕቶፑን አምጥቶ፣ አስነስቶ፣ አፕዴት ጠብቆ፣ ገመድ ሰክቶ፣ ዳኩን መርጦ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ በስልኩ ስፒከር ወደ መስማት ይመለሳል። ስትሪመር ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ስልኩን ታነሳላችሁ፣ ትነኩታላችሁ፣ ይዘፍናል። ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል፤ እናታችሁም ልጃችሁም።

ስልኩ ሪሞት እንጂ ማጫወቻ አለመሆኑንም ልብ በሉ። በብሉቱዝ ስታጫውቱ ሙዚቃው በስልካችሁ ያልፋል፣ እንደገና ይጨመቃል፣ ስልክ ሲደወል ይቋረጣል። ስፖቲፋይ ኮኔክት ወይም ታይዳል ኮኔክት ስትጠቀሙ ግን ስልኩ ለስትሪመሩ “ይህን ዘፈን አጫውት” ብሎ ይነግረዋል፤ ስትሪመሩ ራሱ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ስልክ መደወል ትችላላችሁ። ሱቅ ደርሳችሁ ብትመለሱም ሙዚቃው ቤት ላለው ሰው ይቀጥላል።

በካርድ ወይም በጥቅል ኢንተርኔት ለምትጠቀሙ ልኩን ማወቅ ይጠቅማል። በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሆነ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። የሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ በሰዓት 635 ሜጋባይት ነው፤ ፍላክ በሚባለው፣ ጥራቱን ሳይቀንስ በሚጨምቀው የፋይል ዓይነት ሲሆን እንደ ዘፈኑ ወደ ግማሽ አካባቢ ይወርዳል።

የአማርኛ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው

ይህን በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ምክሮች ውስጥ አታገኙትም፤ ለእኛ ግን ውሳኔውን የሚቀይር ነው። ብዙዎቻችን የአማርኛ ሙዚቃ የምንሰማው ከዩቲዩብ ነው። የድሮ የመድረክ ሥራ፣ የቴሌቪዥን ቅጂ፣ ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ብዙው ያለው እዚያ ነው። አብዛኞቹ ስትሪመሮች ደግሞ ዩቲዩብን በራሳቸው አይከፍቱም። አንዳንዶቹ ዩቲዩብ ሚዩዚክን ከስልክ ይቀበላሉ፤ ዋናውን የቪዲዮ ዩቲዩብ ግን ለድምፅ ብቻ ወደተሠራ ዕቃ መላክ ብዙ ጊዜ አይቻልም። አይፎን ያለው ኤርፕሌይ በሚባለው የአፕል የዋይፋይ መላኪያ ይወጣዋል፤ ሌላው ብሉቱዝ ላይ ይወድቃል። የምትሰሙት በዋናነት ከዩቲዩብ ከሆነ ኮምፒውተር ይሻላችኋል። ዩቲዩብ ድምፁን በሰከንድ 130 ኪሎቢት አካባቢ ጨምቆ ስለሚልከው ለእሱ ተብሎ ውድ ስትሪመር መግዛትም ትርፍ የለውም። ከካሴት ሲገለበጥ የጠፋውን ድምፅ የትኛውም ዕቃ አይመልሰውም።

ፋይል የሚሰበስብ ሰው ሌላ ፈተና አለበት። ዘፈኖቹ ከሰው ፍላሽ የመጡ ከሆነ ስማቸው የተዘበራረቀ ነው። ስትሪመር ዘፈን የሚፈልገው ፋይሉ ውስጥ በተጻፈው ስም ነው። አንዱ ፋይል ላይ “ጥላሁን ገሠሠ”፣ ሌላው ላይ “ጥላሁን ገሰሰ”፣ ሦስተኛው ላይ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ለማሽኑ ሦስት ዘፋኝ ናቸው። “ትራክ 05” ብቻ የሚል ፋይል ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። አንዳንድ ስትሪመር ስክሪኑ ላይ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል፤ ስልኩ ላይ ግን በትክክል ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ፎልደር ከፍቶ በዓይን መፈለግ ስለሚቻል ችግሩ ያን ያህል አይሰማም። ስለዚህ ስትሪመር ከመግዛታችሁ በፊት እንደ ኤምፒ3ታግ ባለ ነፃ ፕሮግራም ስሞቹን አንድ ወጥ አድርጉ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ከዚያ በኋላ አንድ ስም ጽፋችሁ የዘፋኙ ሥራ ሁሉ ሲወጣ ድካሙን ትረሱታላችሁ።

ዕድሜው

ስትሪመር ሳይበላሽ ሊሞት ይችላል። አምፕሊፋየር እንደዚህ አያውቅም። ስኩዊዝቦክስ የሚባለው ስትሪመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ በ2003 ወጣ። ድርጅቱን በ2006 ሎጂቴክ ገዛው፣ በ2012 ምርቱን አቆመው፣ በ2024 የኢንተርኔት አገልግሎቱን ዘጋው። ጎግል ክሮምካስት ኦዲዮን በ2015 አውጥቶ በ2019 አቆመ። በመጋቢት 2025 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ የአንድ ዲጂታል ሰርተፊኬት ጊዜ አልፎ በየቤቱ ያሉት ደህና ዕቃዎች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ፤ ጎግል እስኪያስተካክለው ቀናት ወሰደ። ሶኖስ በግንቦት 2024 አዲስ አፕ ሲያወጣ ብዙ የለመድናቸው ነገሮች ጠፉ፤ ቁጣው ቀጥሎ በጥር 2025 ሥራ አስኪያጁ ከቦታው ለቀቀ።

የስኩዊዝቦክስ ታሪክ መልካም ጎንም አለው። የሰርቨሩ ሶፍትዌር ለሁሉም ክፍት ስለነበር ተጠቃሚዎች ተረከቡት። ዛሬ ሊሪዮን በሚል ስም ይኖራል፤ አሮጌዎቹ ሳጥኖችም ይዘፍናሉ። ስለዚህ ስትሪመር ስትመርጡ በአንድ ድርጅት አፕ ብቻ የሚሠራውን ሳይሆን ኤርፕሌይን፣ ስፖቲፋይ ኮኔክትንና ዲኤልኤንኤን (ከቤት ኮምፒውተር ወይም ሃርድ ዲስክ ሙዚቃ በኔትወርክ የሚቀበልበትን መንገድ) አንድ ላይ የሚቀበለውን ውሰዱ። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ይቀራል። አሮጌ ላፕቶፕ ግን ዊንዶውሱ ቢያረጅ እንኳ ሊኑክስ ተጭኖበት ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ገንዘቡን የት ላውጣ?

ላፕቶፕ ካላችሁ ዛሬ ማታ ሴቲንጉን አስተካክሉ፤ ይሄ ምንም አያስከፍልም። ቀጥሎ የላፕቶፑ ቀዳዳ የሚረብሽ ከሆነ ትንሽ የዩኤስቢ ዳክ ግዙ። ውድ መሆን የለበትም። አፕል በአሜሪካ በ9 ዶላር የሚሸጣት የጆሮ ማዳመጫ ማገናኛ ራሷ ዳክ ናት፤ በመሣሪያ የለኳት ሰዎችም ያገኙት ውጤት በጣም ጥሩ ነው። ሙዚቃን በየቀኑ መስማት ስትጀምሩና ላፕቶፑ እንቅፋት ሲሆን ስትሪመር ግዙ። ዊም የሚባለው ድርጅት ዋጋቸው ከ100 ዶላር አካባቢ የጀመረ ትንንሽ ስትሪመሮች ያመርታል፤ ዲጂታል መውጫ ስላላቸው ዳኩን በኋላ መቀየር ይቻላል። እጁ የሚፈታ ሰው ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ቮሉሚዮ የሚባለውን የማጫወቻ ሶፍትዌር ጭኖ ራሱ ይሠራል። በአሥር ሺዎች ዶላር የሚሸጡ ስትሪመሮችም አሉ። ውበታቸውንና አሠራራቸውን አልክድም። ያን ያህል ብር ያለው ሰው ግን ስፒከሩን ቢያሻሽል ልዩነቱን ክፍሉ ውስጥ የገባ ሁሉ ይሰማዋል።

መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ከሆነ ራስበሪ ፓይን ያለ ማቆያ ባትሪ አትጠቀሙ፤ በድንገት ሲጠፋ የሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ለራውተር የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ ቮልቴጁና ጉልበቱ ከተስማማ ይበቃዋል። ከአሜሪካ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት የኃይል ጽሑፉን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የስትሪመር አዳፕተር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ እሱ ችግር የለበትም። አምፕሊፋየሩ 120 ብቻ ካለ ግን ግድግዳችን ላይ ያለው 220 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት።